ሪሃብ (የሱስ ማገገሚያ) ስትገቡ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ

ሥራዬ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እዞራለሁ። ጥርስ ሐኪም ጋም፣ ማዋለጃም፣ የሱስ ማገገሚያም እገባለሁ። ባንክ ሲሄድ እያንዳንዷን መስመር «ይሄ ምንድነው?» የሚል ሰው፣ ማገገሚያ ሲገባ እስክሪብቶውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ገጽ ይፈርማል። ምክንያቱ ይገባኛል። አፍሯል። ቶሎ ጨርሶ ከዚያ ወንበር መነሳት ነው የሚፈልገው። «እንኳን ተቀበሉኝ፤ ደግሞ ጥያቄ ላብዛ?» ይላል። ይሉኝታ ነው፤ እዚህ ቦታ ግን ያስከፍላል።

የማንንም ታካሚ ታሪክ እዚህ አታገኙም። እኔም ምስጢር ልጠብቅ የፈረምኩ ሰው ነኝ። ጠበቃም አይደለሁም። የማውቀው ወረቀቱንና ሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን የትም አንድ ነው።

ማን ነው የላካችሁ?

«ኢንሹራንስ ካለህ ትኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ኪራይም አትከፍልም» የሚል ሰው ከደወለላችሁ ስልኩን ዝጉት። ደግነት አይደለም። በነፍስ ወከፍ ኮሚሽን የሚበላበት ንግድ ነው። ደላላው እናንተን ሲያስገባ ይከፈለዋል፤ ማገገሚያው ደግሞ የሽንት ምርመራውንም፣ የቡድን ውይይቱንም እየቆጠረ ኢንሹራንሱን ያስከፍላል። ኮንግረስ በ2018 እንዲህ ያለውን የድለላ ክፍያ ወንጀል አድርጎታል። እስከ 10 ዓመት እስርና እስከ 200,000 ዶላር ቅጣት አለው። ቢሆንም አልቆመም። በ2023 አሪዞና ውስጥ የወጣውን ጉድ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሰዎችን፣ በተለይ የአገሩን ነባር ሕዝቦች፣ ከየመንደራቸው በመኪና እየጫኑ ፊኒክስ አካባቢ «ሶበር ሃውስ» የሚሉት፣ ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት፣ ያስገቡ ነበር። ሕክምና የሚባል ነገር የለም፤ ሂሳቡ ግን ለሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት ለሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ፣ ይላካል። ስቴቱ ክፍያውን ሲያግድ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የባሕርይ ጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሜሪላንድና ዲሲም የየራሳቸው አላቸው። ደውላችሁ ስሙን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ሶበር ሃውስ ደግሞ መኖሪያ እንጂ ሕክምና አይደለም። «እዚሁ እናክምሃለን» የሚል የሶበር ሃውስ አከራይ ካጋጠማችሁ፣ ማን ነው የሚያክመው፣ የማን ፈቃድ ነው ብላችሁ ያዙት።

አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጃችሁን አታስቀምጡ

ይሄ የራሴ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሜዲኬይድ ወይም ሌላ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማገገሚያ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «የሚያስተረጉምልህን ሰው ይዘህ ና» ማለት አይችልም። ድንገተኛ የሕይወት አደጋ ካልሆነ በቀር ትንሽ ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግም ክልክል ነው። አስቡት እስቲ። የ12 ዓመት ልጅ «አባትሽ በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣል?» የሚለውን ተቀብላ ለአባቷ ስትተረጉም። አባትየው እውነቱን ይናገራል?

ቀጠሮ ስትይዙ ገና በስልክ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ሁለት ቃል ይበቃል። በዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

«የሚመጣው አስተርጓሚ ቢያውቀኝስ?» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። እዚህ አካባቢ ሁላችንም አንድ ሱቅ እንጀራ የምንገዛ ሰዎች ነን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ። በስልክ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ስሙን ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሌላ ስቴት ቁጭ ያለ ሊሆንም ይችላል። ሠራተኛው ለአስተርጓሚው ሙሉ ስማችሁን እንዳይነግር መጠየቅም ትችላላችሁ። በአካል የመጣው የምታውቁት ሰው ከሆነ «ይቀየርልኝ» በሉ። እኔም ተብያለሁ። አልከፋኝም።

አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ፣ ስድቡንም ጭምር፣ እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው። መምከር ከጀመረ፣ «አይ ይሄን እንኳ ባትነግራቸው ይሻላል» ካለ፣ ወይም ሐኪሙ አምስት ደቂቃ አውርቶ እሱ «ደህና ነህ ነው የሚልህ» ብሎ ከጨረሰ፣ ሥራውን አልሠራም።

የፊርማው ወረቀት

ከሚሰጧችሁ ወረቀቶች ሁሉ በደንብ ማየት ያለባችሁ «ሪሊስ» የሚሉትን ነው። ስለ እናንተ መረጃ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ የምትፈቅዱበት ነው።

የሱስ ሕክምና መዝገብ አሜሪካ ውስጥ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የጠበቀ የምስጢር ሕግ አለው። «42 ሲኤፍአር ፓርት 2» ይሉታል፤ ሠራተኞቹ ባጭሩ «ፓርት ቱ» ነው የሚሉት። መነሻው በ1970 እና በ1972 የወጡ ሕጎች ናቸው። ያኔ ሰው ለሕክምና ሲሄድ ራሱን ለፖሊስ እንደሰጠ ይቆጥር ነበርና ሕክምናውን ይሸሻል፤ ሕጉ የወጣው ለዚያ ነው። ፌዴራል ገንዘብ በሚነካቸው ማገገሚያዎች ሁሉ ይሠራል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ይነካቸዋል። ያለ ፊርማችሁ እዚያ መኖራችሁን እንኳ ለሰው መናገር አይችሉም። ፖሊስ በር ላይ ቢመጣ፣ የጠበቃ መጥሪያ ቢደርሳቸው፣ ያ ብቻውን አይበቃም፤ ለዚሁ ተብሎ የወጣ የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚወጡ ነገሮች አሉ። ነፍሳችሁ አደጋ ላይ ከወደቀች ለሐኪም ይናገራሉ። ሕፃን ተበድሏል ብለው ከጠረጠሩ ያመለክታሉ። እዚያው ግቢ ውስጥ ወንጀል ከፈጸማችሁ ወይም ሠራተኛ ካስፈራራችሁ ለፖሊስ ይደውላሉ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጥበቃ በአንድ ፊርማ ልትለቁት ትችላላችሁ። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ፈልጉ፦ ማን ነው የሚቀበለው፣ ምን ዓይነት መረጃ፣ ለምን ጉዳይ፣ እስከ መቼ፣ እና መሻር እንደምትችሉ የሚለው። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ «ስሙን በኋላ እንሞላዋለን» አይሠራም። በ2024 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ ለሕክምና፣ ለክፍያና ለአስተዳደር ሥራ የሚሆን አንድ ሰፊ ፈቃድ፣ ወደፊት ለሚመጣውም ጭምር፣ አንዴ ፈርሞ መጨረስ ተፈቅዷል። ይሄ ሥራ ያቀላል፤ ግን ሰፊ መሆኑን እያወቃችሁ ፈርሙ። ለኢንሹራንሱ አልፈርምም ካላችሁ ከኪሳችሁ ክፈሉ ሊሏችሁ ይችላሉ።

ለቤተሰብ የምትፈርሙት ላይ ማጥበብ ትችላላችሁ። «ለእናቴ፣ እዚህ መሆኔንና የምወጣበትን ቀን ብቻ፣ ለ60 ቀን» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፤ ወይ ሁሉን ይፈቅዳል፣ ወይ ሁሉን ይከለክልና እናቱን ያሳብዳል።

ጠጥቶ መኪና ሲነዳ ተይዞ ፍርድ ቤት የላከው ሰው፣ ቨርጂኒያ ላይ «ቫሳፕ» የሚሉት ጠጥተው የነዱ ሰዎች የሚላኩበት የስቴቱ ፕሮግራም ጋ የገባ ለምሳሌ፣ አንድ ነገር ይወቅ። ለፍርድ ቤቱ የሚፈርመውን ፈቃድ ጉዳዩ ሳያልቅ መሻር ላይችል ይችላል። ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ።

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለባችሁም እንደዚያው። ጫት እዚህ አገር በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ካቲኖን የሚሉት ንጥረ ነገሩ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው ያለው። አገር ቤት ከጓደኛ ጋር ሲቃም የኖረ ሰው ይሄ አይታየውም። ለካውንስለራችሁ፣ ማለትም ለሱስ አማካሪያችሁ፣ የተናገራችሁት በምስጢር ሕጉ ይጠበቃል። መዝገባችሁ ለኢሚግሬሽን እንዲላክ ከመፈረም በፊት ግን ጠበቃ ጋ ሂዱ። ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ ቀድማችሁ አማክሩ ነው የምለው።

ሥራ ያላችሁ፦ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ 12 ወር የቆየና በነዚያ ወራት 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው፣ ለሱስ ሕክምና እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስዶ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። ፈቃዱ ለሕክምናው ነው። ጠጥቶ ለቀረበት ቀን አይሆንም።

አማርኛ የሚናገረው ካውንስለር

እሰይ ተብሎ የሚገባበት ችግር ይሄ ነው። አማርኛ የሚናገር ካውንስለር ሲገኝ ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ ግን ቶሎ ጠይቁት፦ «ሰፈራችን አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ብንገናኝ ምን ታደርጋለህ?» ጥሩ ባለሙያ «እናንተ ካልቀደማችሁኝ ሰላም አልላችሁም» ይላል። ኩራት አይደለም። ሰላም ካላችሁ፣ አጠገባችሁ የቆመችው አክስታችሁ «ከየት ነው የምትተዋወቁት?» ትላለቻ።

የኛ ሰው በዚህ ይቀየማል። ዳቦ ጋግሮ ይወስዳል፣ ሰውዬው «አልቀበልም» ይላል። ለልጁ ክርስትና ይጠራዋል፣ አይመጣም። «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ፈረንጅ ሆነ» ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን አስጊው ሁሉን እሺ የሚለው ነው። ቤታችሁ ቡና የጠጣ ሰው ነገ የሽንት ምርመራችሁ ጥሩ ሳይሆን ሲመጣ ምን ሊያደርግ ነው? ወይ ይሸፍንላችኋል፣ ያ ይጎዳችኋል፤ ወይ ይጽፍባችኋል፣ እናንተ ደግሞ ተከዳሁ ትላላችሁ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ በግልጽ ልጻፈው። ካውንስለር ከታካሚው ጋር የፍቅርም ሆነ የወሲብ ግንኙነት አይጀምርም። «ፈቅጄ ነው» ብትሉም ጥፋቱ የእሱ ነው። ናዳክ የሚባለው የሱስ ባለሙያዎች ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ ከቀድሞ ታካሚም ጋር ይከለክላል። ገንዘብ አያበድራችሁም፣ አይበደራችሁም። ቤቱን አያስጠርጋችሁም፣ በታክሲያችሁ በነጻ አትሸኙትም። አንድ ዕቁብ ውስጥ አትገቡም። በቴሌግራም በሌሊት «እንዴት ነሽ» አይልም። የሌላ ታካሚ ወሬ አይነግራችሁም፤ ከነገራችሁ የእናንተንም ለሌላው እየነገረ ነው።

ሃይማኖትም አለ። ጸሎት የሚረዳው ሰው ይጸልይ፤ ጸበልም የሚሄድ ይሂድ። ግን ሠራተኛ በራሱ እምነት ሊሰብካችሁ፣ ወይም «አጋንንት ነው ያለብህ» ብሎ መድኃኒት ሊያስቆማችሁ አይችልም። ለዚህ ሥራ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሃይማኖት ድርጅት ውስጥ ከገባችሁና እምነቱ ካልተስማማችሁ፣ ሌላ ቦታ እንዲልኳችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የምትጾሙ ከሆነ፣ በተለይ ረመዳን ላይ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ሊስተካከል ይችላል።

በሌላ በኩል ሁሉም ነገር በደል አይደለም። ስትገቡ ሻንጣ ይፈተሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልክ ሊወሰድ ይችላል። ሽንት ትሰጣላችሁ፤ አንዳንዴ ሰው እያየ። የምታፍሩ ከሆነ የጾታችሁ ሠራተኛ እንዲሆን ጠይቁ። አልጋ ማንጠፍና ሳህን ማጠብ የቤቱ ደንብ ነው። የባለቤቱን ሱቅ በነጻ መሥራት ግን «ቴራፒ» አይባልም። ደንቡን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ፤ በቃል ብቻ የሚኖር ደንብ በየሠራተኛው ይቀያየራል።

የሜታዶን መስኮት

ሜታዶን ለሄሮይንና ለመሳሰሉት ሱስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ክሊኒኩ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። ገና ሳይነጋ ሰልፍ አለ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ወደ ሥራ የሚሄዱ ናቸው። መስኮቱ ጋ ነርሷ መታወቂያ ታያለች። በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ፈሳሹን ትሰጣለች። ከጠጣችሁ በኋላ ኩባያው ውስጥ ውኃ ጨምራ ያንኑ ታጠጣችኋለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ታናግራችኋለች። ጨዋታ አምሯት አይደለም። መዋጣችሁን እያረጋገጠች ነው።

በየቀኑ መመላለስ ግን ዘላለማዊ ግዴታ አይደለም። በ2024 ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት እስከ 7 ቀን የሚሆን፣ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 14 ቀን፣ ከ31ኛው ቀን በኋላ እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ስቴቱም ሊያጠብቀው ይችላል። ግን ካልጠየቃችሁ ማንም ላያነሳላችሁ ይችላል። ቤት ስትወስዱ የሚቆለፍ ሣጥን ያዙ፤ ለልጅ አንድ ጉንጭ ገዳይ ነው። እዚያው ደንብ ላይ ሌላም አለ፦ ምክክር አልፈልግም ስላላችሁ መድኃኒቱን ሊከለክሏችሁ አይችሉም።

ሰቦክሶን የሚባለው ሌላው የዚሁ ሱስ መድኃኒት ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ለሐኪሙ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። የቤተሰብ ሐኪማችሁም ሊያዝ ይችላል። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚል ሠራተኛ ያጋጥማችኋል። ዘመድማ አይጠየቅም። በሐኪም ትእዛዝ ሜታዶን ወይም ሰቦክሶን ትወስዳለህ ብሎ ሕክምና ወይም ሥራ መከልከል ግን በአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የተከለከለ አድልዎ ሊሆን ይችላል፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በ2022 ይህንኑ በመመሪያ አስቀምጧል። የአልኮል ሱስ ያለበት ደግሞ ብቻውን በድንገት አያቁም። መንቀጥቀጡ ወደ ሚጥል በሽታ ሊሄድና ሊገድል ይችላል፤ ሐኪም ያለበት ዲቶክስ፣ ማለትም ሰውነት ከአልኮሉ የሚጸዳበት ሕክምና፣ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ስትበደሉ

ዕለቱን ጻፉት። በአማርኛም ይሁን። ስሜት አታብዙ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው፣ የነበረ ሰው፣ የምትፈልጉት። ይህን ይመስላል፦

«ኦክቶበር 7፣ ጠዋት፣ የመድኃኒት መስኮት ፊት ለፊት። ነርሷ ስሜንና የምወስደውን መጠን ጮክ ብላ ተናገረች። ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሞ ነበር። የምፈልገው፦ ከአሁን በኋላ መጠኔ በወረቀት እንጂ በቃል እንዳይነገር።»

መጀመሪያ እዚያው ማገገሚያ «ግሪቫንስ ፎርም» (የቅሬታ ቅጽ) በሉና ሞልታችሁ ስጧቸው፤ ኮፒ ያዙ። መልስ ካልመጣ ወይም ነገሩ ከባድ ከሆነ ከእነሱ በላይ ወዳለው ሂዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ የባሕርይ ጤና መሥሪያ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ቢሮ አለው፤ ማገገሚያው የዚያን ቢሮ የመብት ተሟጋች (አድቮኬት) ስልክ ሊሰጣችሁ ይገባል። ጥፋቱ የአንድ ካውንስለር ከሆነ ፈቃድ ለሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ ይጻፋል። አስተርጓሚ ከተከለከላችሁ ወይም ምስጢራችሁ ከወጣ፣ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ ይቀበላል፤ በ180 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። አቤቱታ ስላቀረባችሁ ሊቀጧችሁ አይፈቀድም። አድራሻዎቹን ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ፤ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማንም የማያነበውን ወረቀት እዩ።

ሲያስወጧችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሜታዶን ላይ ያለ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ወደየት እንደሚዛወር ይጠይቅ። መዝገባችሁን ኮፒ ጠይቁ፤ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። የግል ኢንሹራንስ «ይበቃሃል» ብሎ ክፍያ ካቆመ 180 ቀን የይግባኝ ጊዜ አላችሁ። ሐኪማችሁ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት፤ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ብዙም አይሰሟችሁም።

ልጃችሁ የገባባችሁ ወላጆች

ትደውላላችሁ። «እዚህ ይኑር አይኑር ልንነግርዎ አንችልም» ይሏችኋል። «የወለድኩት እኔ!» ትላላችሁ። ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ሕጉ ነው፤ ነርሷ ጨካኝ ሆና አይደለም። ፖሊስ ቢጠይቃትም መልሷ ያው ነው።

ልጃችሁ ሲደውል ያቺን ጠባብ ፈቃድ እንዲፈርም ጠይቁት፤ መገኘቱና የሚወጣበት ቀን ብቻ። ሁሉን ንገሩኝ አትበሉ፤ ያኔ ምንም አይፈርምም። እስከዚያው ደግሞ ሠራተኞቹ እንዳይናገሩ ነው የተከለከሉት፤ እንዳይሰሙ አልተከለከሉም። «መልስ አትስጡኝ፤ እዚያ ካለ ግን ልጄ የስኳር በሽተኛ ነው፣ ፔኒሲሊንም አይስማማውም» ብላችሁ ስሙን ተናግራችሁ ብትዘጉ ይጽፉታል።